ለዱር አራዊት ስፍራ የተወ ገበሬ በምን ይታወቃል? እንዴትስ ይከበራል?

በጫሞ ሐይቅ ዳርና በወንዞቹ ዳር ለምታርሱ ገበሬዎች፥ ከእነርሱም ጋር ለምትሠሩ የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በየቀበሌው ጥሩ ገበሬ ተመርጦ ሲሸለም ታያላችሁ። ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ድካሙም በሕዝብ ፊት ይነገርለታል። ይህ መልካም ልማድ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚመረጥበት ሚዛን ምን እንደ ሆነ አስባችሁት ታውቃላችሁን? ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከሄክታር ስንት ኩንታል በቆሎ እንደ ገባ፥ ስንት ኪሎ ሙዝ ለነጋዴ እንደ ተሸጠ፥ ስንት ማዳበሪያ እንደ ተወሰደ ነው። ማሳው ከውኃ ጋር በሚገናኝበት በኩል ምን ቆሞ እንደሚታይ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ተረሳው ወገን ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎች አሉ እንበል። ማሳቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም ሙዝ ተክለዋል፤ የሁለቱም መሬት በታችኛው ጫፍ ጫሞን ይነካል። የፊተኛው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ቆፍሮ ተክሏል። ደንገሉን አጭዷል፤ ፊላውን ነቅሏል፤ በዳር አንዲት ሾላ ነበረች፥ እርሷንም ቆርጦ ለከሰል አውሏታል። የኋለኛው ግን ከውኃው ወዲህ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሣሩን፥ ደንገሉንና ዛፉን ትቶ ከዚያ በላይ ያለውን ያርሳል። ምርት ሲሰበሰብ የፊተኛው በጥቂት ረድፍ ሙዝ ይበልጠዋል። እንግዲህ በኩንታል ብቻ የተመዘነ እንደ ሆነ ሽልማቱ ለፊተኛው ይሰጣል፤ የኋለኛው ደግሞ ሰነፍ ይባላል፤ መሬቱን ጦም አሳደረ ተብሎም ይታማል። በሚመጣው ዓመት የኋለኛው ገበሬ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ደንገሉን ያጭዳል። በሰጠነው ሽልማት ያስተማርነው እኛው ነን ማለት ነው።

ለመሆኑ ያ የተተወው ሠላሳ እርምጃ ለማን ይጠቅማል?

ጫሞ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ቁልፎ፥ ሲሌና ኤልጎን የመሰሉ ወንዞች ከጋሞ ደጋ እየወረዱ ይገቡበታል። ስለ አዞውና ስለ ጉማሬው ስሙ በሩቅ አገር ይነገራል፤ «የአዞ ገበያ» የሚባለውንም ስፍራ ለማየት እንግዳ ከባሕር ማዶ ይመጣል። በአባያና በጫሞ መካከል ያለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ፓርኩ ሲቋቋም ከታሰቡት ነገሮች አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የስዌይን ቆርኬ መጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ግን የቆርኬው ቁጥር በዚያ እጅግ መንምኗል። በድንበር የተከለለ መሬት ብቻውን አራዊትን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ብዙ ሰው «አራዊቱ የፓርኩ ናቸው፤ ጥበቃውም የፓርኩ ሥራ ነው» ይላል። ጉማሬው ግን የፓርኩ ድንበር የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ንስሩም እንደዚሁ።

ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ይወጣና በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ግጦ ሳይነጋ ወደ ውኃው ይመለሳል። የሚወጣበትና የሚመለስበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ እግሩ የረገጠው ቦታ እንደ ቦይ ጎድጉዶ ስለሚታይ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። በሐይቁ ዳር ሣር ያጣ እንደ ሆነ ወደ በቆሎውና ወደ ሙዙ ይገባል። ስለዚህ በዳር የተተወው ሣር ለጉማሬው ግጦሽ ሲሆን ለሰብሉ ደግሞ ከፊል አጥር ነው። ከፊል ያልነው ሆን ብለን ነው። ሣር እያለም በቆሎ ለመቅመስ የሚወጣ ጉማሬ አለ፤ ይህን ደብቆ ገበሬን ማስተማር አይገባም። ያልተነገረውን ነገር በሌሊት በማሳው ላይ ያገኘው ገበሬ ሁለተኛ አይሰማችሁም።

አዞም እንደዚሁ ዳርቻውን ይፈልጋል። ሴቲቱ በበጋ ወራት ከውኃው ከፍ ባለ አሸዋማ ስፍራ ጉድጓድ ቆፍራ 50 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ሦስት ወር ገደማም አጠገቡ ሆና ትጠብቀዋለች። ያ አሸዋ የታረሰ፥ ወይም ከብት የሚመላለስበት የሆነ እንደ ሆነ እንቁላሉ ይጠፋል። «አዞ ቢጠፋ ምን ይጎድልብኛል?» የሚል ገበሬ ይኖራል፤ አይፈረድበትም። ልጁ ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ ልቡ የሚደነግጠው እርሱ ነው። ነገር ግን ይህን ይመልከት፤ እስከ ውኃው አፍ ያረሰ ሰው ቆፍሮ፥ አርሞና አጠጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚውለው አዞው ከሚተኛበት አጠገብ ነው። ሠላሳ እርምጃ የተወ ሰው ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይሠራል። ዳሩ አዞውን ከሰው፥ ሰውንም ከአዞው ይለያል።

ስለ ዓሣው ብዙ መናገር አያሻም፤ ዓሣ አጥማጆች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የቆሮሶ ጫጩት የሚያድገው ጥልቀት በሌለውና ደንገል ባለበት ዳር ተሸሽጎ ነው። መሸሸጊያው ሲጠፋ ትልልቆቹ ዓሦች ይጨርሱታል፤ የመረቡም ነገር እንደዚያው ይሆናል።

አሁን ወደ ገበሬው ሥጋት እንምጣ። ትልቁ ሥጋቱ ጉማሬም አዞም አይደለም፤ መሬቱ ነው። ይዞታውን ሳያለማ የተወ ሰው መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ከመሬት አስተዳደር ደንብ ያውቃል፤ ባያውቅም ከጎረቤት ሰምቷል። ስለዚህ «ይህን ሣር ለአራዊት ትቼዋለሁ» ብሎ በአደባባይ ለመናገር ይፈራል። ሙዙን ፈልጎ ሳይሆን «መሬቱ ባለቤት አለው» ለማሰኘት ብቻ ደንገሉን የሚያጭድ ሰው አይታጣም።

እንግዲህ የክብሩ የመጀመሪያ ደረጃ ሜዳሊያ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። የተተወው ዳር በቀበሌው መዝገብ «ጦም ያደረ» በመባል ፈንታ «ለሐይቅ ዳር ጥበቃ፥ ለሣር፥ ለንብና ለዱር አራዊት የተያዘ» ተብሎ ይጻፍ። ርዝመቱና ስፋቱ በገመድ ተለክቶ ይመዝገብ። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይፈርምበት፤ ቅጂውም ከይዞታ ደብተሩ ጋር ይቀመጥ። ደብተሩ የባልና የሚስት ስም የያዘ ከሆነ ይህም ወረቀት የሁለቱን ስም ይያዝ፤ ምክንያቱም ሣሩ እንዳይታጨድ የምትከራከረው ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናት፤ ወይም በተቃራኒው ይታጨድ የምትለው እርሷ ናት፤ በሁለቱም መንገድ ቃሏ ሊሰማ ይገባል። የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ይህን አንድ ነገር ሳትፈጽሙ ሽልማት ብታዘጋጁ ገበሬውን በሕዝብ ፊት «መሬት ያላለማ ሰው» ብላችሁ እንዳጋለጣችሁት ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ገበሬው የሚመረጥበትን መንገድ እንገልጻለን።

መራጮች ገበሬውን ወደ ቢሮ ጠርተው አይጠይቁት። ወደ ማሳው ይሂዱ፤ በዓመትም ሦስት ጊዜ ይሂዱ። አንዱ በየካቲት ይሁን። በየካቲት ሣር ደርቆ፥ ከብት ወደ ውኃው ተጨናንቆ፥ እሳት የሚለቅም ሰው በዝቶ ስለሚገኝ የዳሩ እውነተኛ ጠባቂ ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት፥ ሦስተኛው በጥቅምት ይሁን። ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነባችሁ የጥቅምቱን ተዉት፤ የየካቲቱን ግን በምንም ምክንያት አትተዉ።

ጉብኝቱ ከውኃው ዳር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያ ደንገሉ፥ ፊላውና ሣሩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ለኩ። የአገሩ ሰው ታንኳ የሚሠራበት ግንዱ ቀላል የሆነው የውኃ ዳር ዛፍ ቆሞ እንደ ሆነ ጻፉ። ስፋት ብቻውን ግን አያታልላችሁ፤ ሐይቁ በሚሞላበት ዓመት ውኃው ወደ ማሳው ስለሚቀርብ፥ የዳሩ መነሻ ዛሬ ውኃው ያለበት ሳይሆን ሲሞላ የሚደርስበት ምልክት ነው። ምልክቱን ሽማግሌዎች ያሳዩአችኋል።

ቀጥሎ በዝናቡ ማግሥት ከማሳው የሚወጣውን ጎርፍ በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱ። ከፊተኛው ገበሬ ቦይ አንድ ጠርሙስ፥ ከኋለኛው አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ሳትነካኩ አሳድሩት። ሲነጋ በጠርሙሱ ሥር የተቀመጠውን ደለል አነጻጽሩ። ከንግግር ሁሉ ይልቅ ይህ ጠርሙስ ያስተምራል፤ ገበሬው ወደ ሐይቅ የሄደው የራሱ አፈር እንደ ሆነ በዓይኑ ያየዋል። ይህን ጠርሙስ በስብሰባ ላይ ማቅረብ ይቻላል፤ የባለቤቱን ስም መለጠፍ ግን አያስፈልግም።

ዛፍን በሚመለከት ገበሬው በማሳው ውስጥና በድንበሩ ላይ ምን ምን እንዳቆየ ተመልከቱ። ሾላ ፍሬዋን ወፉም፥ ጦጣውም፥ የሌሊት ወፉም ይበላታል። የዋንዛ አበባ ለንብ፥ ፍሬው ለወፍና ለልጆች ነው። ሽፈራው፥ በአገሩ ቋንቋ ሀለኮ የሚባለው፥ ቅጠሉ ለምግብ ስለሚሆን ገበሬው ራሱ ሳይነገረው ያቆየዋል፤ ስለዚህ ለሽፈራው የተለየ ምስጋና አያሻም። ይልቅስ የደረቀና ግንዱ የቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ያቆመ ገበሬ ስታገኙ አመስግኑት። እንዲህ ያለው ዛፍ ለማገዶ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው፤ ጉጉትም ጎጆዋን የምትሠራው በእርሱ ቀዳዳ ነው። ጉጉት በቤት አጠገብ ስትጮኽ ክፉ ምልክት ናት የሚል ሰው አለ። እኛ የምናውቀው በአንድ ሌሊት ሁለትና ሦስት አይጥ የምትበላ መሆንዋን ነው፤ በቆሎ በጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ ይህን ያስላው።

የወፎቹን ብዛት ለማወቅ የተማረ ባለሙያ መጥራት ግዴታ አይደለም። ጎህ ሲቀድ በዳሩ ተቀመጡና አንድ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ያያችኋቸውንና የሰማችኋቸውን የወፍ ዓይነቶች ቁጠሩ። ስማቸውን ባታውቁ መልካቸውን ጻፉ። ያንኑ በጎረቤቱ ማሳ ድገሙት። የጉማሬ ዱካ በጭቃ ላይ አራት ጣት ስለሚያሳይ ከከብት ኮቴ ጋር አይምታታም።

የተባይ መድኃኒትን ነገር ደግሞ አትርሱ። ቲማቲም፥ ሽንኩርትና ጥጥ የሚያለማ ገበሬ ብዙ ይረጫል። «የመርጫ መሣሪያህን የት ታጥበዋለህ? ባዶውን ጠርሙስ የት ትጥለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በሐይቁ ወይም በቦዩ የሚያጥብ ሰው ሃምሳ እርምጃ ደንገል ቢተውም ሊሸለም አይገባውም፤ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ነጥቋልና። አበባ ላይ ንብ ባለበት ሰዓት የሚረጭ እንደዚሁ ነው። ለጅብ ብሎ ሥጋ የሚመርዝ ሰው ደግሞ ጅቡን ብቻ አይገድልም፤ ጥንብ አንሳውን፥ የጎረቤቱን ውሻና ሌላውንም ይጨርሳል። ወጥመድ የሚዘረጋ ገበሬም ከዝርዝሩ ይወጣል።

ከዚህ ጋር ሰብሉን ሳይገድል የጠበቀበት ዘዴ ሊቆጠርለት ይገባል። ማማ ሠርቶ የሚያድር፥ በእሾህ አጥር የሚያጥር፥ ቦይ የሚቆፍር፥ ቆርቆሮ የሚመታ ገበሬ እንቅልፉን ሰጥቷል። በአርባ ምንጭ ደን አጠገብ የሚያርሱ ሰዎች ከዝንጀሮና ከጦጣ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ይውላሉ፤ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ካለ መራጮቹ ይህንንም ይጻፉ። አራዊትን በልጅ ትምህርት የሚጠብቅ ቤት ሽልማት ሳይሆን ረዳት ነው የሚያስፈልገው። ጉማሬ ከውኃው በወጣበት ሰዓት በእርሱና በውኃው መካከል መቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን ለማማ ጠባቂዎች ሁሉ ንገሩ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት ወደሚገባው ነገር ደረስን። አንድ ገበሬ ብቻውን ዳሩን ትቶ ጎረቤቶቹ ሁሉ እስከ ውኃው ቢያርሱ ምን ይሆናል? የሐይቁ ጉማሬ ሁሉ በእርሱ በኩል ይወጣል። ሣሩን ግጦ ሲጨርስ የመጀመሪያው በቆሎ የእርሱ ነው። እንግዲህ መልካም ያደረገው ሰው የሁሉን ዕዳ ብቻውን ከፈለ ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንዱ ገበሬ ማሳውን በጠንካራ አጥር ዘግቶ የጉማሬውን መንገድ ያጠፋ እንደ ሆነ፥ ጉማሬው ሐይቁ ውስጥ አይቀርም፤ በጎረቤቱ በኩል ይዞራል። ይህም ገበሬ «አራዊት ሳልገድል ሰብሌን አዳንሁ» ብሎ ለሽልማት ሊቀርብ ይችላል። ጎረቤቱን ሳይጠይቁ የሸለሙት መራጮች ጠብ ያተርፋሉ።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት በሐይቁ ዳር ሽልማቱ ለአንድ ሰው መሰጠት የለበትም። ማሳቸው ኩታ ገጠም የሆነ አምስት፥ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ገበሬዎች አብረው ዳሩን ሲተዉ፥ የጉማሬውንም መንገድ በስምምነት በአንድ ቦታ ሲከፍቱለትና ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለውን በእሾህ ሲያጥሩ፥ ሽልማቱ ለሁሉም ይሰጥ። መንገዱ የወደቀበት ገበሬ ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚጎዳ የቀሩት በጥበቃ ወይም በሥራ ቀን እንዲክሱት አስቀድመው ይስማሙ፤ ስምምነቱም ይጻፍ። ሩብ ሄክታር ብቻ ያለውን ገበሬ ሠላሳ እርምጃ ተው ማለት ራት ተው እንደ ማለት ነውና፥ በኩታ ገጠሙ ውስጥ ሰፊ መሬት ያለው ሰፋ አድርጎ፥ ጠባብ ያለው ጠበብ አድርጎ ቢተው ፍርዱ ይቀናል። ሽልማት ለጠፋ ሰብል ካሣ እንዳልሆነም በግልጥ ይነገር፤ በሽልማት ቀን የካሣ ጥያቄ የሚያነሣ ገበሬ ትክክል ነው፤ ቃሉ ተመዝግቦ ለወረዳው ይተላለፍ እንጂ በጭብጨባ አይሸፈን።

ስለ ደጋው ጥቂት ካልተናገርን ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል። ወደ ጫሞ የሚገባው ደለል ሁሉ የቆላው አይደለም። ቁልፎ የሚነሣው ከጋሞ ደጋ ነው፤ በዚያ ጨንቻን፥ ዶርዜንና ቦንኬን በመሳሰሉ ስፍራዎች ገበሬው ዳገቱን በእርከን ከፋፍሎ፥ እንሰቱን በጓሮው ተክሎ ከጥንት ጀምሮ ኖሯል። ከዚህም ጋር ምሳር የማይነካቸው የተከበሩ የዛፍ ስፍራዎች አሉት። ከእነርሱ መቁረጥ በጋሞ ባህል ጎሜ ነው፤ ጎሜ የሠራ ሰው በራሱና በቤቱ ላይ ችግር ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ዛሬ ጎሜን የማይፈሩ ሰዎች ስለ በዙ ብዙዎቹ ስፍራዎች እየጠበቡ ሄደዋል። እምነቱን የያዘም ያልያዘም ሰው የሚስማማበት ነገር ግን አለ፤ እነዚህ ዛፎች ለወፎችና ለንቦች መጠጊያ ናቸው፥ ሥራቸውም የምንጩን ራስ ይይዛል። እንግዲህ ከዛፎቹ አጠገብ እያረሰ ድንበራቸውን ያልገፋ የደጋ ገበሬ ካለ፥ በቆላው ሽልማት ላይ ስሙ አብሮ ይጠራ። የቆላው ገበሬ የደጋውን ገበሬ የሚያመሰግንበት ሌላ መድረክ አላየንም።

በሌላ ስፍራ የተደረገውን ማወቅም ይጠቅማል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። የአገሩ ሰው ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ፥ በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ አብሮ ያጭድና ያሰማራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጊዜ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። ልብ በሉ፤ የመንዝ ሰው ጓሳውን የዘጋው ለቀበሮው ብሎ አልነበረም፤ ለቤቱ ክዳን፥ ለገመዱና ለከብቱ ብሎ ነው። ቀበሮው በዚያው ተጠቀመ። የጫሞም ዳር እንደዚሁ ለገበሬው አንዳች ነገር ሊሰጠው ይገባል። ሣሩ በተወሰነ ወር በማጭድ ታጭዶ ለታሰረ ከብት ይሰጥ፤ ከብቱ ግን አይግባበት። ቀፎ ይሰቀልበት። ደንገሉ ከመሐል ከመሐል እየተመረጠ ይቆረጥ እንጂ አይመለጥ። ምንም የማይሰጥ ዳር በሽልማት ብቻ ሁለት ዓመት አይቆይም።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ሕዝብ የተራቆተ መሬቱን መልሶ በማልማቱ በ2004 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት ተቀብሏል። ሽልማቱ የተሰጠው ለማኅበሩ መሆኑን አስተውሉ። በአሜሪካ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአልዶ ሊዮፖልድ ስም የተሰየመ ሽልማት መሬታቸውን፥ ውኃቸውንና የዱር አራዊትን ለሚንከባከቡ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ይሰጣል፤ ከክብሩ ጋር 10 ሺህ ዶላር ይሰጥበታል። የእኛ ቀበሌ አሥር ሺህ ዶላር የለውም፤ ቢኖረውም ለዚህ እንዲያውለው አንመክርም። ገንዘብ ያለበት ምርጫ ዘመድ ይፈልጋል።

መራጮቹ እነማን ይሁኑ? ከገበሬዎች ሁለት፥ ከመካከላቸው አንዷ ሴት፤ ከዓሣ አጥማጆች አንድ፤ ከአገር ሽማግሌዎች አንድ፤ ከብት ጠባቂ ከሆኑት ወጣቶች አንድ፤ የልማት ሠራተኛው ጸሐፊ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ ድምፅ አይስጥ። እረኛውን በመጨመራችን አትገረሙ፤ ማን በሌሊት ሣር እንዳቃጠለ፥ ማን ወጥመድ እንደ ዘረጋ የሚያውቀው እርሱ ነው። የፓርክ ጠባቂ ቢገኝ ለምክር ይጠራ፤ ነገር ግን ገበሬው እርሱን ሲያይ ክስ የመጣበት እንዳይመስለው አስቀድሞ ይነገረው።

የሚሰጠውም ነገር ለሥራው የሚረዳ ይሁን። ዘመናዊ ቀፎ፥ የሾላና የዋንዛ ችግኝ፥ ማማ ላይ ለሚያድር ጥሩ የእጅ ባትሪና የዝናብ ልብስ ከብርጭቆ ዋንጫ ይበልጣሉ። በዳሩ ላይ የገበሬዎቹን ስምና የተተወበትን ዓመት የያዘ ሰሌዳ ይተከል፤ ይህ ሰሌዳ ለከብት ነጂውም፥ ደንገል ለሚፈልገውም፥ መሬቱን ጦም ያደረ ነው ለሚለውም መልስ ይሰጣል።

ክብሩ የሚነገርበት ቦታ ሕዝቡ ጉዳዩን የሚመክርበት ዱቡሻ ቢሆን መልካም ነው። ጊዜውም ለጋሞ ሕዝብ ዮ ማስቃላ ይስማማል፤ በመስቀል ሰሞን ለሽመናና ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ የሄደው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ፥ የአባቱና የእናቱ ስም ሲጠራ ይሰማል። መሬቱን ነገ የሚረከበው እርሱ ነውና ሳይሰማ ቢቀር ጉዳት አለው። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ ስንት እርምጃ እንደተተወ፥ ስንት ዓይነት ወፍ እንደ ተቆጠረ፥ ስንት ሌሊት በማማ እንደ ታደረ ይነበብ። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፤ የተሸለመውን ገበሬ ማሳ ለማየት እንግዳ ሁሉ እየተላከበት የሥራ ቀኑን እንዳያጣ፥ ጉብኝቱ በወር ከአንድ ቀን አይለፍ።

በዚህ ዓመት ለመጀመር የሚፈልግ የልማት ሠራተኛ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፥ ሃያ ሜትር ገመድና ጥቂት ባዶ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሽልማት አታድርጉ፤ ለኩ፥ ቁጠሩና ጻፉ ብቻ፤ ሽልማቱ በሁለተኛው ዓመት ካለፈው ጋር ተነጻጽሮ ይሰጣል። በደብተሩ የእያንዳንዱን ማሳ ዳር በአንድ ገጽ አድርጉ፤ ዳሩን የታረሰበትንም ገበሬ ገጽ ክፍት ተዉለት፤ በሚመጣው የካቲት ሊሞላ ይችላል። የምትመጡበትንም ቀን ለገበሬው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ደንገል በአንድ ሌሊት አይበቅልምና ቀኑን ማወቁ ምርጫውን አያበላሽም።